ይድረስ ለሚዜዬ

እንደምን አለሽልኝ የኔ እህት? ዘጠኝ ዓመት ጠፍቼ ድንገት ስጽፍልሽ "ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" ማለትሽ አይቀርም። ልክ ነሽ፣ የምፈልገው አለኝ። መጀመሪያ ግን ይቅርታሽን።

የመልሴን ማታ ታስታውሺዋለሽ? እንግዳው ሳሎን ዶሮውን ይበላል። እኔ ካባዬን እንደደረብኩ እናቴ ጓዳ ገብቼ፣ ባሌ የሰጠኝን ሦስት ገጽ ወረቀት እፈርማለሁ። ምስክሮቹ ወንድሙና ያጎቱ ልጅ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ "ሳታነቢ?" አልሽኝ። "ሰርጌን አታበላሺብኝ!" ብዬ ጮህኩብሽ። በዚያው ተኮራረፍን።

ወረቀቱ "የጋብቻ ውል" ነበር። በየስማችን የምናፈራው ሁሉ የየግላችን ይሁን ይላል። አሁን ልንፋታ ነው፤ ሽማግሌም ተልኮ አልሆነም። ኮንዶሚኒየሙ በሱ ስም ነው፣ የኔ የሁለት ዙር ዕቁብ ግን እዚያው ገብቶ ቀርቷል። እሱ ያችን ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ።

እኔማ "ፈርሜያለሁ፣ በቃ አለቀልኝ" ብዬ ነበር። ጠበቃዋ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና "የተጋባችሁት መቼ ነው?" አለችኝ። ጥር 15 ቀን 2008። ውሉ ላይ ያለው ቀን ጥር 17! ለካ በቤተሰብ ሕጉ፣ በአዋጅ 213/1992፣ የጋብቻ ውል የሚደረገው ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው። ምስክሩም አራት፤ ሁለት በሚስት፣ ሁለት በባል በኩል። ከተጋቡ በኋላ የሚዋዋሉትን ደግሞ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፣ አንቀጽ 73 ነው። የኛን ማን አጸደቀው? የእናቴ ጓዳ?

ውሉ ፈረሰ ማለት ሁሉን ጠቀለልኩ ማለት አይደለም። ሳንጋባ የነበረው ቤት የራሱ ነው፣ አልመኘውም። የዘጠኝ ዓመት ኪራዩ ግን የጋራችን ነው። ኮንዶሚኒየሙም በአንዳችን ስም ቢሆን እንኳ የጋራ ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው ባይ ያስረዳ።

ታዲያ አሁን ምን ቢል ጥሩ ነው? "የፈረምነው ከሰርጉ በፊት ነው፣ ቀኑ በስህተት ተጽፎ ነው።" አይኑን በጨው አጥቦ!

ያን ማታ በስልክሽ ያነሳሽኝ ፎቶ ነበር። ካባ ለብሼ፣ እስክሪብቶ ይዤ። ልከሽልኝ በንዴት አጠፋሁት። አንቺ ጋ ካለ ላኪልኝ። ቀጠሮው ግንቦት 12 ነው። መጥተሽ መስክሪልኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። እናቴ ግን "እሷማ ትመጣለች" ብላ ካሁኑ ቡና ገዝታ አስቀምጣለች።

ያችው ሞኝ ሙሽራሽ