የቅሬታ ደብዳቤ፦ በወጉ ሳይደርቅ ስለታሸው የመኪናዬ ክሊር

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ክሊሩ እንደገና እንዲረጭልኝ ስለመጠየቅ

የፋብሪካው ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ልባስ) በፀሐይ ብዛት ተላልጦ የነበረው ሰማያዊ ቶዮታ ኮሮላ መኪናዬ፣ ኮፈኑና ሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች (የጎማ መሸፈኛዎች) አዲስ ቀለምና ክሊር እንዲቀቡ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ ጋራዣችሁ አስገብቼ፣ የተጠየቅሁትን 38,000 ብር ሙሉ በሙሉ ከፍዬ ጳጉሜን 3 ቀን ተረክቤያለሁ። በርክክቡ ዕለት የጋራዡ የጣሪያ ቆርቆሮ ሳይቀር ኮፈኑ ላይ ይታይ ስለነበር አመስግኜ ነው የወጣሁት። መስከረም ሳያልቅ ግን ክሊሩ ደበዘዘ፤ በጠዋት ፀሐይ ጎንበስ ብሎ ለሚያየው ሰውም የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት መስመር መስመር ሠርቶ ይታያል። በቀኙ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ደግሞ የጣት ርዝመት ያህል ቦታ ክሊሩ ጨርሶ ተነስቶ ቀለሙ አመድማ ሆኗል።

ሥራው ሲሠራ ቆሜ ስላየሁ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ክሊሩ የተረጨው ጳጉሜን 1 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በማግሥቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በብርጭቆ ወረቀት መታሸት ጀመረ፤ በመካከሉ ያለው 17 ሰዓት ብቻ ነው። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የተቀላቀለበት ክሊር ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ ማደሩ ሊበቃው ይችላል፤ ማሞቂያ ክፍል ባለበት ደግሞ በ60 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጋራዣችሁ ማሞቂያ የለውም፤ ያ ሌሊትም ዝናብ ሲያወርድ ያደረበት፣ ሰው በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ የሚያድርበት የማርቆስ ክረምት ነበር።

የሚያሸው ልጅ 1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነከረ ማሸት እንደጀመረ ወረቀቱ ወዲያው ሙጫ በሚመስል ነጭ ነገር ተደፈነ። በደንብ የደረቀ ክሊር ሲታሽ እንደ ወተት ነጥቶ ከውኃው ጋር ይወርዳል እንጂ ወረቀቱ ላይ አይጣበቅም። ይህን ባነሳም የተሰጠኝ መልስ «ሳሙና ጨምረንበት ይሄዳል» የሚል ነበር። ከዚያም ጭረቱን የሚያለሰልሰው ይበልጥ የላመ 2000 እና 3000 ቁጥር ወረቀት ሳይነካ ከ1500 በቀጥታ ወደ ፖሊሽ ማሽኑ ተገባ። ማሽኑም ገና ለስላሳ የነበረውን ክሊር ደፍጥጦ ጭረቱን ለጊዜው ሸፈነው፤ ውስጡ የቀረው ቲነር (ማቅጠኛ) እየተነነ ክሊሩ ሲኮማተር ግን ጭረቱ ተመልሶ ወጣ።

የፓራፋንጎው ነገር ከዚህ የከፋ ነው። ጠርዝ ላይ ክሊር ስለሚሳሳ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ማሸት ሲገባ ይህ አልተደረገም፤ በባልዲው ያለው ውኃም ሰማያዊ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ክሊር ቀለም የለውም፤ ውኃው ሰማያዊ ከሆነ ክሊሩ አልቆ ከሥሩ ያለው ቀለም እየታሸ ነው ማለት ነው። ልጁም ገብቶት መሰለኝ፣ ባልዲውን ፈጥኖ ደፋው። በእሱ አልፈርድም፤ አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው ዋና ቀቢ አልነበረም። መኪናው ለእንቁጣጣሽ ቢደርስልኝ ደስ እንደሚለኝ መናገሬንም አልክድም፤ ሆኖም አይደርስም ብትሉኝ ኖሮ በዓሉን በእግሬ እውል ነበር።

መስከረም 29 ቀን መኪናውን ይዤ ስመጣ ተቆጣጣሪያችሁ ጥፋቱን በደጀንና በአባይ በረሃ መንገድ አቧራ፣ እንዲሁም በእኔ አስተጣጠብ ላይ አሳበዋል። አቧራ ከላይ ያርፋል፣ ሲታጠብ ይሄዳል፤ ይህ ጭረት ግን ስድስት ጊዜ ታጥቦም ከቦታው አልተነሳም። በሮቹና ጣሪያው የፋብሪካ ቀለማቸውን እንደያዙ ያንኑ መንገድ ሄደዋል፣ በዚያው ውኃና በዚያው ጨርቅ ታጥበዋል፤ አንድም መስመር አልወጣባቸውም።

በመጨረሻም «አንድ ጊዜ ፖሊሽ እናድርግልዎትና ይስተካከላል» የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። በጋራዥ የሚረጭ ክሊር ውፍረቱ በአብዛኛው ከአንድ የራስ ፀጉር አይበልጥም፤ ከዚያ ላይ አንድ ጊዜ ታሽቶ ተቀንሷል። ፖሊሽ ደግሞ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ክሊር የሌለበትን ጠርዝ በማሽን መንካት ቀለሙን ጨርሶ ማንሳት ነው።

ስለሆነም የቀኙ ፓራፋንጎ ጠርዝ ቀለም ተነክቶ፣ ኮፈኑና ሁለቱም ፓራፋንጎዎች በስሱ ታሽተው አዲስ ክሊር እንዲረጭላቸው፣ መድረቁም በዋናው ቀቢ ሳይረጋገጥ ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካቸው፣ ይህም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲፈጸምልኝ እጠይቃለሁ። ለሥራው መኪናውን ሁለት ሳምንት ልተውላችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ የከፈልኩት 38,000 ብር ይመለስልኝ። እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ የደረሰኙን ቅጂና ያነሳኋቸውን ፎቶግራፎች አያይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናው ባለቤት
(ፊርማ)