ከቆራሌው ጆንያ እስከ ብረት ድስት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ከተማችን ደረቅ ቆሻሻ ሲወራ ፕላስቲክና ቆሼ እንጂ ብረታ ብረት ብዙም አይነሳም። ሜዳ ላይ ወድቆ ስለማያድር ይሆናል። ጠዋት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ግቢዎች በቆራሌው ጆንያ የወጣው፣ ውሎ ሳያድር ምናለሽ ተራ ተመዝኖ ቀላጭ እጅ ይገባል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ውዳቂ አሉሚኒየም መልሶ ማቅለጥ የሚፈጀው ኃይል ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈጀው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚያሳስበን ጆንያው ውስጥ አብሮ የሚገባው ነው፤ የዚያ ጆንያ መጨረሻ ማዕድ ቤታችን ነውና።

ብረት ድስት፣ ስሙ ብረት ይሁን እንጂ፣ አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት አይዘውም። ከፒስተን፣ ከሞተር ክዳን፣ ከቸርኬና ከመስኮት ፍሬም ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ይፈሳል። ቡሎንና ሚስማር በማግኔት ይለቀማል። ዚንክና እርሳስ ግን ማግኔት ስለማይዛቸው ከአሉሚኒየሙ ጋር አብረው ያልፋሉ። የበር እጀታ፣ የቁልፍ ቀፎ፣ የድሮ መኪና ካርቡሬተር አሉሚኒየም ይመስላሉ፤ አብዛኞቹ ግን ዚንክ ናቸው። ቤት በፈረሰ ቁጥር ደግሞ የመስኮቱ ፍሬም ከነእጀታው ይመጣል።

መለየቱ ጆግና ሚዛን ብቻ ይፈልጋል። መስመር ያለው የአንድ ሊትር ጆግ እስከ ግማሽ ውኃ ይሞላና ግማሽ ኪሎ የመዘነ ቁራጭ ይገባበታል። ውኃው 185 ሚሊ ሊትር ያህል ከፍ ካለ አሉሚኒየም ነው፤ 70 ገደማ ከሆነ ዚንክ ነው፤ 45 እንኳ ካልሞላ እርሳስ ነው። ክፍተት ያለው ዕቃ አየር ስለሚይዝ መጀመሪያ መሰበር አለበት፤ አለዚያ ዚንኩ አሉሚኒየም መስሎ ያታልላል።

እርሳስ በብዛት የሚገባው በቸርኬ ነው። ጠርዙ ላይ ለባላንስ የምትገባዋን ትንሽ ግራጫ ቁራጭ ተመልከቱ፦ በጥፍር ትጫራለች፣ ወረቀት ላይ ብትታሽ ጥቁር መስመር ታሰምራለች። በአሁኑ ጊዜ የብረትም አለ፤ እሱን ማግኔት ይለየዋል። የድሮ የመዳብ ራዲያተር የተበየደበትም ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ ነው።

«እርሳስ ከባድ ስለሆነ ስር ይሰፍራል፣ ከድስቱ አይገባም» የሚሉ ቀላጮች ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቁት። አብዛኛው ስር መስፈሩ ልክ ነው፤ ጥቂቱ ግን አሉሚኒየሙ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ስር የሰፈረውም ሲማሰል ይነሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀዳው ጭልፋ የባሰ ነው። ለልጅ አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን ደግሞ የለም። ድስቱ ውስጥ ቲማቲም ሲቁላላ፣ ወይም ወጥ ሲያድርበት፣ አሲዱ ብረቱን በትንሽ በትንሹ ይበላዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የእጀታ ዚንክ ደግሞ 385 አካባቢ፤ ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ይፈልጋል። ውዳቂውን ተዳፋት ባለው ወፍራም ላሜራ ላይ ዘርግቶ 450 ዲግሪ አካባቢ ቢያቆዩት ሁለቱ ቀልጠው በተዳፋቱ ይወርዳሉ፣ አሉሚኒየሙ እንደ ጠጣር ይቀራል። ሙቀቱን በዓይን መገመት አይቻልምና ቴርሞካፕል (የከፍተኛ ሙቀት መለኪያ) ያስፈልጋል፤ ጭስ ማውጫም እንዲሁ፣ የእርሳስ ብናኝ የሚጎዳው መጀመሪያ ሠራተኛውን ነውና። አስቀድሞ ማሞቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ እርጥብ ቁራጭ የቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ሰው ላይ ይረጨዋል። የታሸገ አሞርቲዘር ግን ሳይቆረጥ እሳት አጠገብ መድረስ የለበትም።

ታዲያ ለምን አይለያይም? መለያየት ሻጩን ስለሚያከስረው ነው። አራት ቸርኬ ላይ 50፣ 50 ግራም እርሳስ ቢቀር 200 ግራም በአሉሚኒየም ዋጋ ተሸጠ ማለት ነው። ነቅሎ የሚያመጣ ቆራሌው ጊዜውንም ኪሎውንም ያጣል። እሱን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ተረካቢዎች ሁለት ዋጋ ያውጡ፦ ለተነቀለና ለተለየ አሉሚኒየም ከፍ ያለ፣ ከነእጀታውና ከነእርሳሱ ለመጣ ዝቅ ያለ። የዋጋው ልዩነት የነቀላውን ድካም ካልከፈለ ግን ማንም አይነቅልም።

የከተማው አስተዳደር ደግሞ ብረቱ ውስጥ ያለውን በሰከንዶች የሚያነብ አንድ የኤክስሬይ መመርመሪያ መርካቶ ላይ ቢያስቀምጥና ቀላጮች ከእያንዳንዱ ቅልጥ ትንሽ ናሙና በነጻ እንዲያስነብቡ ቢያደርግ፣ ንጹሕ ድስት የሚሠራው ከሌላው ይለያል፤ ገዢም ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን።

በብረታ ብረት መልሶ መጠቀም ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ