ለረጅሙ ወዳጄ

እንደምን ከርመሃል? መጥፋቴን አውቃለሁ። ልደውል እልና ደግሞ “ምን ብዬ?” እያልኩ ስተወው እንዲሁ ጊዜው ነጎደ። ይቅር በለኝ። የቀረውን ስድብ ስንገናኝ ትጨርሰዋለህ። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ብዕር ያስነሳኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ቸግሮኛል።

ታዳጊዎቹን አሁንም ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ሁለት ረጃጅም ልጆች አሉኝ። አንደኛው ሲዘል ጉድ ነው! ሳይንደረደር ከቆመበት ተነስቶ ቀለበቱን ይጨብጣል። ግን ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ሁለተኛው ቁርጥ አንተን ነው። አንተ ስትዘል እኮ እግርህ ከመሬት መነሳቱን ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረብን። ይሄ ልጅ ሁሉም ሲሄድ ቅርጫቱ ሥር ይቀራል። በድሮው የአሜሪካ ረጅም ተጫዋች በጆርጅ ማይካን ስም የሚጠራውን ልምምድ ይሠራል፤ በቀኝ በኩል በቀኝ እጁ፣ በግራ በኩል በግራ እጁ፣ ኳሷን ከትከሻው በታች ሳያወርድ። መጀመሪያ ላይ ግራ እጁ ሰሌዳውን እንኳ አይመታም ነበር። አሁን የቱ እጁ ጠንካራ እንደሆነ ተጋጣሚ ይምታታበታል። በነገራችን ላይ፣ ማይካንን አሰልጣኙ ሬይ ሜየር እግሩ እንዲፍታታ ዳንስ ሁሉ አስተምሮታል። አንተ በሰርግ እንኳ የማትነሳው ሰውዬ፣ ይሄን ልብ በል።

ታዲያ ከበላዬ ያሉት “ዘላዩን ያዝ፣ ሌላውን ሸኘው” ይሉኛል። “ቴክኒክ ይለመዳል፣ ዝላይ ግን አይለመድም” ነው ክርክራቸው። የዴንቨሩን ዮኪችን አነሳሁባቸው፤ የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ ክለቦች አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ በ2014 (እ.ኤ.አ.) በ41ኛነት የተመረጠው፣ ያን ያህል የማይዘለው ሰውዬ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ ሆነ፣ በ2023 ደግሞ ዴንቨርን ለዋንጫ አበቃ። እነሱ የናይጄሪያ ተወላጁን የኤንቢኤ ኮከብ ኦላጁዎንን መለሱልኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ኦላጁዎን የሚዘል ቢሆንም እግሩን ያሰላው ሌጎስ በእግር ኳስና በእጅ ኳስ ነው። ሂዩስተን ሲሄድ ደግሞ በየክረምቱ ከአንጋፋው የኤንቢኤ ተጫዋች ከሞሰስ ማሎን ጋር እየተጋፋ ተማረ። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ዝላዩ ነው ወይስ ተከላካይን እያታለለ ስለሚዞርበት እግሩ?

ግን... አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅ። ለሁለተኛው ልጅ የማደላው አንተን ስለሚመስለኝ ይሆን እያልኩ እጠራጠራለሁ። ዘላዩም እኮ ሰነፍ አይደለም። በሱ ዕድሜ አንድ ዝላይ ሁሉን ነገር ይፈታለታል፤ ከዚያ ይጨበጨብለታል። ለምን ብሎ ፒቮት፣ ማለትም በአንድ እግር ተተክሎ መዞር፣ ይማር? እንደሱ የሚዘል ተጋጣሚ የገጠመው ዕለት ግን ጉዱ ይፈላል። ያኔ የሚያስተምረው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ና። ለጥቂት ቀን ብቻ። አንተን ከኋላው አቆምና ዝላይ ክልክል ነው እላለሁ። ያቺን ወገብ ላይ የምትሰካትን ክርንህን ዳኛ ሳያይብህ ስንት ዓመት ኖርክባት! በሷ ገፋ ገፋ አድርገው፤ እግሩን ማሰብ ይጀምራል። ለሁለተኛው ደግሞ ያቺን ሰሌዳ አስነክተህ የምታስገባትን ምት አሳየው። እኔ ስሞክራት ልጆቹ ይስቁብኛል።

ጉልበቴን አሞኛል ካልክም ወንበር እሰጥሃለሁ፣ ተቀምጠህ ትሳደባለህ። ጫማህን ግን እንዳትረሳ፤ እዚህ ማንም ሰው ያንተን ቁጥር አያደርግም።