ስልኩን ሳላነሣ የቀረሁበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ኅዳር 23 ቀን ማለዳ ሦስት ጊዜ ደውለሽ ባለማንሣቴ ስትጨነቂ እንደዋልሽ ሰምቻለሁ። ስልኩ በእጄ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወደ ፒያሳ ሳቀና ጠራ፤ የላክሽልኝን የሱፍ ጓንት እንዳጠለቅሁ አረንጓዴውን ምልክት ብጎትተው፣ ብጫነው፣ አልታዘዝ አለኝ፤ ጓንቱን በጥርሴ ስቤ እስካወልቅ ድረስ ጥሪው ተቋረጠ። መልሼ እንዳልደውል ሒሳብ አልነበረኝም።

ያን ዕለት በስልኩ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን በራሴ አፈርሁ። የዛሬው ስክሪን የሚሠራው በግፊት አይደለም። ከመስታወቱ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ዓይን የማያየው ስስ ንጣፍ አለ፤ ሰውነታችንም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣት ሲያርፍበት በዚያ ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ይለወጣል፣ ስልኩም የተነካው የት እንደሆነ በዚህ ያውቃል። ሱፍ አያስተላልፍም፤ ውፍረቱም ጣትን ከመስታወቱ ያርቃል። ሬዲዮ ስጠግን በኖርሁባቸው ዓመታት ሽፋኑን ከፍቼ እጄን የኤሌክትሪክ ሙል ወደሚይዘው የጣቢያ መፈለጊያ ዕቃ፣ ወደ ካፓሲተሩ፣ ሳስጠጋ ጣቢያው ይሸሸኝ እንደነበር እያወቅሁ፣ ይህን ማሰብ ተስኖኝ መስታወቱን ስጨቁን መቆሜ ይገርማል።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የስክሪኑን የንክኪ ስሜት ከፍ እንዳደርግ የነገርሽኝን ሞክሬዋለሁ፤ ለስስ ጓንት ይረዳ ይሆናል፣ ለዚህ ሱፍ ግን አልበቃም። ቀጥዬ ከእናትሽ ሳጥን ወርቃማ ክር አውጥቼ የጣቱን ጫፍ ሰፋሁት። እርሱም አልሠራም። በቴስተር ብለካው ጭራሽ አያስተላልፍም፤ ለካ የሚያብለጨልጨው በፕላስቲክ የተሸፈነ ኖሯል። እናትሽ ስለ ክሯ እስካሁን ታነሣብኛለች። በመጨረሻ ከአሮጌ ገመድ ውስጥ ፀጉር የሚያህሉ የመዳብ ሽቦዎች መዝዤ፣ አንዱ ጫፋቸው ከውስጥ ቆዳዬን፣ ሌላው ከውጭ መስታወቱን እንዲነካ አድርጌ በመርፌ አሳለፍኋቸው። መርፌው ጣቴን ሁለት ጊዜ ቢወጋኝም ስክሪኑ ታዘዘ።

ስለዚህ ሌላ ጓንት እንዳትልኪ። ለራስሽ ስትገዢ ግን ጣቱ ላይ ብር ወይም መዳብ ያለበት ክር የተሠራበት መሆኑን አይተሽ ግዢ፤ በዚያ አገር ብርድ ለአንድ መልእክት ብለሽ እጅሽን ባዶ አታድርጊ። እሑድ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደውይልኝ፤ ጓንቱን ሳላወልቅ አነሣዋለሁ።

አባትሽ