ከየት ልጀምር ላልሽኝ

ሐዋሳ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ እንዴት ናቸው? የአዳማ ሙቀትስ? እማማ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ትናንት የተለያየን ነው የመሰለኝ።

በቴሌግራም የላክሽልኝን ደጋግሜ ሰማሁት። «ቀኑ አልበቃኝ አለ፣ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ» ያልሽው አንጀቴን በላው። ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ነው በድምፅ ያልመለስኩልሽ።

የፈተና እርማት፣ የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእማማ ሐኪም፣ እቁቡ፣ የአክስትሽ ልጅ ሠርግ፣ የቤት ኪራዩ ውል። ይሄን ሁሉ በጭንቅላት ይዞ መዞር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ ያቋረጡትን አብልጠው ሲያስታውሱ አገኘች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚቀሰቅስሽ እሱ ይመስለኛል። ደስ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የሚባሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ነው፦ ሥራው ባያልቅም እንኳ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ከወጣለት፣ ሐሳብን መረበሹን ይቀንሳል።

ስለዚህ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተር አውጪና ያለብሽን ሁሉ ጻፊው። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጨምሮ። ሳትመርጪ። ግን «የእማማ ጉዳይ» ብለሽ አትለፊ። «ማክሰኞ ከምሳ በፊት ክሊኒኩ ጋ ደውዬ ቀጠሮ ማስያዝ» ብለሽ ጻፊ። «ጉዳይ» ያስጨንቃል፤ ስልክ መደወል ግን ይቻላል።

ቅደም ተከተሉን እዚህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች ውሰጂ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከመረብ እየተላቀቀ ይወርዳል፣ ቢላዋ ይሳላል፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይጸዳል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባቸው ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። የተቀደደ መረብ አለ፣ የሚታጠብ ጀልባ አለ፣ ሒሳብም አለ። ማንም ግን እነዚህን ከዓሣው አያስቀድምም። ዓሣው ይበላሻላ! አንቺም ደብተርሽን ገልጠሽ «ዛሬ ካልተሠራ የሚበላሸው የቱ ነው?» በዪ። የቴሌግራም ግሩፑ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ግን አይበላሽም። የእማማ መድኃኒት አይጮኽም፤ ካለቀ ግን አለቀ።

ለአንድ ቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነገር ይበቃሻል። ሰው ሥራ የሚፈጅበትን ጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ገምተው 55 ቀን ገደማ ፈጅቶባቸዋል። እርማቱ ሁለት ሰዓት ይወስዳል ካልሽ ሦስት ሰዓት ያዢለት። ስልኩም ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚከብደው «ዛሬ አልችልም» ማለት ነው። ይሉኝታው አይለቀንም። ለቅሶ ቅሪ አልልሽም፤ የታመመ መጠየቅም እንደዚያው። ሠርጉ ግን ሌላ ነው። ሽንኩርት ለመክተፍ ሦስቱንም ቀን እዚያ መዋል የለብሽም። አሁኑኑ ለአክስትሽ ደውዪና «እትዬ፣ ሐሙስ አይመቸኝም፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጥቼ እስከ ማታ አግዛለሁ» በያቸው። ቀኑን ቆርጠሽ ከነገርሻቸው አይቀየሙሽም። ሰው የሚቀየመው «እሺ፣ እሺ» ተብሎ ሲቀርበት ነው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ደግሞ ባለቤትሽ ይያዘው። አንዴ ካስረከብሽው በኋላ ግን «ከፈልክ ወይ?» እያልሽ አትከታተዪው፤ ካልሆነ ሥራው ከአንቺ ጭንቅላት አልወጣም ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብም ካስጠላሽ፣ ሐኪም አማክሪ። እባክሽ እሱን ለነገ አትበዪው።

እሑድ ከሰዓት እደውልልሻለሁ። ደብተሩን ይዘሽ ጠብቂኝ፤ የቱን ለማን እንደምትሰጪ አብረን እናያለን። እማማን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ