ከመስመሩ ጋር ስህተቱንም አውጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በነጠብጣቦች መሃል ቀጥ ያለ መስመር የተሰመረባቸው ግራፎች በጋዜጣችሁ እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ተደፍቼ ስለምውል ጋዜጣውን ስገልጥ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው። ቅር የሚለኝ ከግራፉ ሥር የሚጻፈው አር ስኩዌር (መስመሩ ከነጠብጣቦቹ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ከ0 እስከ 1 የሚለካ ቁጥር) ብቻ መሆኑ ነው።

እስቲ በትንሽ ቁጥር እንየው። ኤክስ ከ1 እስከ 5 ይሁን። ዋይ ደግሞ በቅደም ተከተል 2፣ 4፣ 5፣ 4፣ 5። ስሎፕ የሚባለው የኤክሴል ፈንክሽን (ኤክስ በ1 ሲጨምር መስመሩ በስንት እንደሚወጣ የሚነግረን) 0.6 ይላል፣ ኢንተርሴፕት (ኤክስ 0 ሲሆን መስመሩ የሚነሳበት) 2.2። አር ስኩዌርም 0.6 ነው። (በነገራችን ላይ ስሎፕ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ዋይ ነው። ኤክስን ካስቀደማችሁ መልሱ 1 ይሆናል። ኤክሴል ትንፍሽ አይልም፤ አር ስኩዌርም ስለማይለወጥ ስህተቱን አያሳብቅም።)

ለብዙ ሰው 0.6 ጥሩ ውጤት ይመስላል። አሁን መስመሩን ከነስህተቱ የሚያሰላውን ሊንኤስት የተባለ የኤክሴል ፈንክሽን ጥሩት፤ የመጨረሻውን ቦታ «ትሩ» በሉት። አምስት ረድፍ በሁለት ዓምድ ቁጥር ይዘረግፍላችኋል። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ረድፍ አይቶ ይዘጋዋል። ቁም ነገሩ ግን ከሥሩ ነው፤ የስሎፑ መደበኛ ስህተት (ግምቱ በምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር) 0.283 ይላል። አራተኛው ረድፍ ላይ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ከነጥቦቹ ብዛት ለስሎፕና ለኢንተርሴፕት 2 ተቀንሶ) 3 መሆኑን ታገኛላችሁ። ለ3 በ95 ከመቶ የሚሰላው የቲ ዋጋ 3.18 ገደማ ነው። በመደበኛ ስህተቱ አባዙት፣ 0.9 ይመጣል፤ ይህን ከ0.6 ቀንሱ፣ በ0.6 ላይም ደምሩ። እንግዲህ እውነተኛው ስሎፕ ከነጌቲቭ 0.3 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። መስመሩ ሽቅብ ይሂድ ቁልቁል፣ በነዚህ አምስት ነጥቦች አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም። «እያደገ ነው» የሚል ርዕስማ ጭራሽ አይወጣውም።

ነጠብጣቦቹን አለማጥፋታችሁ ግን ያስመሰግናችኋል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አራት የቁጥር ስብስቦች አሉ። የሁሉም መስመር በ3 ጀምሮ በ0.5 ይወጣል፤ የሁሉም አር ስኩዌር 0.67 አካባቢ ነው። ሲሳሉ ግን አንዱ ጎባጣ ነው፣ አንዱን ደግሞ አንድ ያፈነገጠ ነጥብ ብቻውን ይጎትተዋል። ይህን የሚያጋልጥ ነጠብጣቡ እንጂ ፈንክሽኑ አይደለም።

የምጠይቃችሁ በግራፉ ሥር አንዲት መስመር ጽሑፍ ነው፦ «ስሎፕ 0.6፤ ከነጌቲቭ 0.3 እስከ 1.5፤ ነጥብ 5»። ቦታ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ