መክሰስና ማባበያ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ አባትሽም ደህና ነው። ትናንት በስልክ «እማዬ፣ ልጄ እህል አልቀምስ አለኝ» ስትዪ ድምፅሽ ሲሰበር ሰምቼ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ። ማሙሽ በለቅሶ ስላቋረጠን የቀረውን ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

እናንተ ቤት በሰነበትኩ ጊዜ አንድ ቀን ማሙሽ ወደ አፉ ያስገባውን ሁሉ በወረቀት መዝግቤ ነበር። ሳልነግርሽ ስላደረግኩት ቅር አይበልሽ። ቁርሱን ጥሩ አድርጎ በላ። ሦስት ሰዓት ላይ ጫማ ሲደረግለት እንዳያስቸግር ሁለት ብስኩት ተሰጠው፤ አንዱን ወዲያው ጨረሰ፣ ሌላውን እጁ ውስጥ እስኪሟሟ ጨብጦ ቆይቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ። አራት ሰዓት ላይ አለቀሰና ጭማቂ በጡጦ መጣለት። ትንሽ ቆይቶ አባቱ ከሚበላው ዳቦ ቆርሶ ሰጠው። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ወተት። ምሳ የቀረበው ስድስት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ከንፈሩን ገጥሞ አንገቱን አዞረ፤ አንቺም ማንኪያውን ይዘሽ ከወንበር ወንበር ተከተልሽው። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ልጁ ምሳውን በልቶ ጨርሷል፤ በሳህን ስላልቀረበለት ማናችንም አላየነውም።

የሁለት ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው 1,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻውን 120 ያህል ይሆናል። ብስኩቱን፣ ጭማቂውንና ዳቦውን ስትደምሪበት ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ የቀኑን ሲሶ ወስዷል ማለት ነው። ለእኛ ቅምሻ የሚመስለን ለእርሱ ማዕድ ነው። በዚያ ላይ ልጅ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ እድገቱ ቀዝቀዝ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል፤ በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የምግብ ፍላጎቱ መቀነሱ ተፈጥሯዊ ነው፤ እናቶች የሚደነግጡትም በዚሁ ጊዜ ነው።

የሕፃናት ነርስ ሆኜ ስሠራ ያነበብኩት አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሊያን በርች የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ነው። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው 15 ልጆች የበሉትን ለስድስት ሙሉ ቀናት ለኩ። አንድ ልጅ በየገበታው የሚበላው መጠን በአማካይ 34 በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ሲል፣ የቀኑ ድምር ግን የሚዋዥቀው 10 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቁርስ ላይ ያጎደለውን ምሳ ላይ ይሞላል፣ መክሰስ ላይ ያበዛውን እራት ላይ ይቀንሳል። ማሙሽም ምሳውን የገፋው ሆዱ ሒሳቡን በትክክል ስለሚያውቅ ነው።

ታዲያ የሚያሳስበኝ ምኑ ነው? ሆዱ የሚቆጥረው ብዛቱን እንጂ ምንነቱን አይደለም። ጠዋቱን በብስኩትና በጭማቂ የሞላ ልጅ የሚገፋው እንቁላሉን፣ ምስሩንና አትክልቱን ነው። ወተትም ቢሆን ሲበዛ ያጠግባል፤ ብረት ግን የለውም ማለት ይቻላል። በቀን ከግማሽ ሊትር አብዝተው የሚጠጡ ልጆች ደም ሲያንሳቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ጭማቂን በተመለከተ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ በጡጦም እንዳይሰጥ ይመክራል። የእኔ ምርጫ ግን ፍሬውን ራሱን መስጠት ነው። ጥርሱም እረፍት ይፈልጋል፤ ጣፋጭ ነገር አፉ ውስጥ በገባ ቁጥር አሲድ ይፈጠራል፣ ምራቅ ያንን ለማጥራት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል።

ይህን ስልሽ መክሰስ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በሦስት ገበታ ብቻ አይውልም፤ ከቁርስ በኋላ አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ መክሰስ ያስፈልገዋል። ግን መክሰስና ማባበያ ለየቅል ናቸው። መክሰስ ሰዓት አለው፣ ተቀምጠው ይበሉታል፤ ራሱ ምግብ ነው፤ ሙዝ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ። ማባበያ ግን ልቅሶ የሚጠራው ነው። የእናንተ ቤት መክሰስ የለውም፤ ያለው ማባበያ ነው። ሲያለቅስ አቅፊው፣ ወደ ደጅ አውጪው፣ ውኃ ስጪው። ከአንዱ ምግብ እስከ ሌላው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይለፍ። ብስኩቱን ጨርሰሽ አትከልክዪው፤ የተከለከለ ነገር በልጅ ዓይን ይበልጥ ይጣፍጣል። አንዳንድ ቀን ከመክሰሱ ጋር አቅርቢለት፣ ለለቅሶ ዋጋ ግን አይሁን።

ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ አንቺ ወስኚ፤ ምን ያህል እንደሚበላ እርሱ ይወስን። ይህን የምልሽ በአንቺ ላይ ስላጠፋሁ ነው። አንቺን ሳሳድግ ትምህርቱን ገና አልጀመርኩም ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ሲል አፍንጫሽን ይዤ ገንፎ አጎረስኩሽ፤ አስመለሰሽ፣ ከዚያም ለብዙ ወራት ማንኪያ ስታዪ ትሸሺ ነበር። ይቅር በዪኝ፣ የኔ እናት። አንቺ በልጅሽ ላይ አታድርጊው።

ክብደቱ ከቀነሰ፣ ቶሎ ቶሎ ካስመለሰው ወይም ሰውነቱ ከዛለ ያለ ምንም ማመንታት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ባየሁት ጊዜ ግን ሲሯሯጥ ነበር የሚውለው፤ ጉንጩም ሙሉ ነው።

ከሰኞ ጀምረሽ አንድ ሳምንት ሞክሪው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይጮኽብሻል፤ አባቱም ዳቦ እንዳይቆርስለት ንገሪው። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን አቅርበሽለት ማንኪያውን ለራሱ ስጪው፤ ስንት ጊዜ እንደጎረሰ አትቁጠሪ። ማታ ደውዪልኝ፣ ስልኩ አጠገብ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ